ሞኝ ፍለጋ

በኤፕሪል 2023፣ ኬንያ ውስጥ ከማሊንዲ ከተማ ራቅ ብሎ በሚገኘው የሻካሆላ ጫካ፣ ፖሊሶች መሬት እየቆፈሩ አስከሬን ሲያወጡ ሰነበቱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታክሲ ሲነዳ ኖሮ በኋላ ሰባኪ የሆነው ፖል ማኬንዚ፣ በረሃብ የሞተ ፈጣሪውን ፈጥኖ ያገኛል ብሎ ተከታዮቹን እህል ውኃ አስከልክሏል ተብሎ ተከሰሰ። የአስከሬኑ ቁጥር ከ400 አለፈ። ወሬው በደረሰበት ሁሉ የተሰጠው ፍርድ ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ እኛም ዘንድ እንደዚያው። «ምን ዓይነት ሞኝ ቢሆኑ ነው?» «አትብላ ሲሉት እሺ የሚል ሰው ጭንቅላት አለው?» «ፈልገው ገቡ፣ ምን ይደረግ!» ይህን የሚል ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ራሱን እያጽናና ነው። እኔ ሞኝ ስላልሆንኩ እኔን አይነካኝም፣ ልጆቼንም አይነካቸውም ማለቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንን ማጽናኛ ነው። የተከታዮቻቸውን ሕይወት ጠቅልለው የሚይዙ ቡድኖች የቆሙት በተከታዮቻቸው ሞኝነት ላይ አይደለም። ሞኝነት ነው ብሎ ማመን ደግሞ እንዲሁ በየዋህነት የሚታለፍ ስህተት አይደለም፤ መሪውን ይጠቅማል፣ ያመለጠውን ይጎዳል፣ ገና ያልገባውንም እንዳይጠነቀቅ ያዘናጋል።

ሻካሆላ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ራሳቸው ፈልገው ሞቱ» የሚለው አነጋገር መጀመሪያ የወደቀው እዚያው አስከሬን ምርመራ ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኞቹ በረሃብ መሞታቸው ቢታወቅም፣ የታነቁ፣ የታፈኑና የተደበደቡ ምልክት የታየባቸውም እንደነበሩ የመንግሥቱ ዋና የአስከሬን መርማሪ አስታወቁ፤ ሕፃናት ጭምር። በገዛ ፈቃዱ የሚሞትን ሰው ማነቅ ለምን ያስፈልጋል? ደግሞም ወደ ጫካው የሄዱት ሰዎች ጉዞ የተጀመረው በሞት አልነበረም። ማኬንዚ ቤተ ክርስቲያኑን ያቋቋመው በ2003 ነው። በዓመታት ውስጥ መጀመሪያ ዘመናዊ ትምህርት ተወገዘ፤ ሕክምና ተወገዘ፤ የመንግሥት መታወቂያ ተወገዘ። በ2019 ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ ተከታዮቹ ጫካ ውስጥ ቦታ ይዘው እንዲሰፍሩ ተጠሩ፤ ለመንደሮቹም እንደ ናዝሬትና ቤተልሔም ያሉ ስሞች ወጡላቸው። ጾሙ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ልጁን ከትምህርት ቤት ያስወጣ፣ ሥራውን የለቀቀ፣ ንብረቱን የሸጠ፣ ዘመዱን ያስቀየመ ሰው ላይ። በ2023 ደግሞ የኬንያ ዓቃቤ ሕግ ከጫካው የተረፉ 65 ሰዎችን፣ በተወሰዱበት ማቆያ ምግብ አንበላም ስላሉ፣ ራስን ለመግደል በመሞከር ወንጀል ፍርድ ቤት አቀረባቸው። «ፈልገው ገቡ» የሚለው የሻይ ቤት ፍርድ በሕግ ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል። የገዛ አካላቸው እየከሳ እንኳ የመሪያቸው ድምፅ ያልለቀቃቸው ሰዎች ተከሳሽ ሆኑ።

ምናልባት «እነሱ ያልተማሩ የገጠር ድሆች ናቸው» የሚል ይኖራል። እንግዲያውስ ወደ ጃፓን እንሻገር። ማርች 20 ቀን 1995 ኦም ሺንሪክዮ የተባለው የሃይማኖት ቡድን አባላት በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሳሪን የተባለውን የነርቭ መርዝ ለቀቁ። ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተጎዱ። ከባቡሮቹ በአንዱ ላይ የነበረው ኢኩኦ ሃያሺ ከኬዮ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ የልብ ቀዶ ሐኪም ነው። የጃንጥላውን ጫፍ አሹሎ፣ መርዙ ያለበትን የፕላስቲክ ከረጢት ወግቶ ወረደ፤ በዚያ ባቡር ምክንያት ሁለት የጣቢያ ሠራተኞች ሞቱ። የሰው ልብ ከፍቶ ሲጠግን የኖረ እጅ ነው ይህን ያደረገው። ከተባባሪዎቹ መካከል ቶሩ ቶዮዳ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ፣ ኬኒቺ ሂሮሴ በዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያጠኑ ነበሩ፤ ሳሪኑን የሠራው ማሳሚ ቱቺያ ደግሞ በኬሚስትሪ የሠለጠነ ነው። እነዚህ የማትሪክ ውጤታቸው በየቤቱ የሚወራላቸው ዓይነት ልጆች ነበሩ። አንዳቸውም መርዝ ሊያመርቱ አልገቡም። ሾኮ አሳሃራ ቡድኑን የጀመረው በ1984 የዮጋ ትምህርት በመስጠት ነው፤ የሚመጣው ሰው ወገቡን ሊያፍታታ፣ አእምሮውን ሊያሳርፍ፣ በደመወዝና በደረጃ ዕድገት የማይመለስ ጥያቄ ይዞ ነበር። ቀጥሎ ዓለምን ትቶ መግባት መጣ፤ ንብረት ማስረከብ፣ ከቤተሰብ መቆራረጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የመሪውን የአእምሮ ሞገድ ያስተላልፋል የተባለ ሽቦ ራስ ላይ አስሮ መዋል፣ አደንዛዥ ዕፅ። ትምህርታቸው አላዳናቸውም፤ እንዲያውም የተማረ ሰው ላመነበት ነገር ምክንያት መደርደር ስለሚችልበት፣ ጥርጣሬውን ራሱ ተከራክሮ ያሸንፈዋል። ያልተማረ ሰው አልገባኝም ብሎ ሊተወው የሚችለውን ነገር የተማረው በሦስት ዓይነት ትርጓሜ አስታርቆ ይቀበለዋል።

ሞኝ ፈላጊዎች የሚረሱት ዋና ነገር፣ ወደ እንዲህ ያለ ቡድን የሚገባ ሰው ወደ እንዲህ ያለ ቡድን እየገባ መሆኑን የማያውቅ መሆኑን ነው። ጂም ጆንስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ኢንዲያናፖሊስ ላይ የሕዝቦች ቤተ መቅደስን ሲመሠርት፣ ጥቁርና ነጭ አሜሪካውያን በአብዛኛው እሑድን እንኳ አብረው የማይቀመጡበት ዘመን ነበር። እሱ አብረው አስቀመጣቸው። አረጋውያን ጦረ፣ ለተራበ ምግብ ሰጠ፣ ዕፅ የያዛቸውን ወጣቶች ተቀበለ። ወደ ካሊፎርኒያ ከተዛወረ በኋላ የሳን ፍራንሲስኮ ፖለቲከኞች ደጅ የሚጠኑት ሰው ሆነ፤ የከተማዋ የቤቶች ባለሥልጣን ሰብሳቢነት ተሰጠው፤ በ1977 በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተሰየመ የሰብአዊነት ሽልማት ተቀበለ። ከተከታዮቹ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከደቡብ ግዛቶች ዘረኝነት ሸሽተው የመጡ ብዙ እናቶችም ነበሩባቸው። እስቲ እነዚህ እናቶች ምን ማወቅ ነበረባቸው? ከንቲባው ያላወቀውን? ጋዜጦቹ ለዓመታት ያልጻፉትን? የገቡት ለእኩልነትና ለደግ ሥራ ነው፤ ለማንም ሰው ጥሩ ምክንያት በሚባል ምክንያት። የገቡበት ምክንያት ያማረ መሆኑ ደግሞ በኋላ መውጣቱን አከበደባቸው፤ መሪውን መጠራጠር ያን ሁሉ ደግ ሥራ መክዳት መሰለባቸው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ለትዕግሥት የምንጠቅሰው አባባል ለዚህም ይሠራል። በጆንስ ቡድን ውስጥ መጀመሪያ ከደመወዝ መዋጮ፣ ከዚያ ደመወዝ በሙሉ፣ ከዚያ ቤት፤ ለአረጋውያኑ ደግሞ የጡረታ ቼካቸው። አባላቱ በባዶ ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ይደረግ ነበር፤ ያልሠሩትን ነውር፣ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ሳይቀር፣ ሠርተናል ብለው በጽሑፍ እንዲያምኑም። ወረቀቱ የታማኝነት ማሳያ ነው ይባላል። ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ሊወጣ የሚያስብ ሰው ያንን ወረቀት ያስታውሳል። ጆንስታውን ወደተባለው የጉያና ጫካ ሰፈር ከሄዱ በኋላ ፓስፖርታቸው ተሰበሰበ፤ ደብዳቤ እየተነበበ ይላካል፣ የጆንስ ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲያስተጋባ ይውላል። «ነጭ ሌሊት» በሚባሉት ስብሰባዎች ስለ ጅምላ ሞት ይመከር፣ ልምምዱም ይደረግ ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ከቀዳሚው ትንሽ ብቻ የራቀ ነው። እምቢ ለማለት ግን ያንን ትንሽ ልዩነት መቃወም ብቻ አይበቃም፤ እስካሁን የተከፈለው ሁሉ፣ ገንዘቡም ዓመቱም የተጣላነው እናትም፣ ከንቱ ነበር ብሎ ማመን ይጠይቃል። ይህን ሒሳብ በአንድ ሌሊት የሚያወራርድ ሰው ጥቂት ነው፤ ከማንኛውም የትምህርት ደረጃ።

ኖቬምበር 18 ቀን 1978፣ በጆንስታውን የመጨረሻ ቀን፣ ሁሉም መርዝ እንዲጠጡ ሲታዘዙ፣ የተቀዳ ቴፕ አለ፤ ኤፍቢአይ በመዝገቡ አስቀምጦታል። ቴፑ ላይ ክሪስቲን ሚለር የሚባሉ በዕድሜ የገፉ ሴት ተነሥተው ይከራከራሉ። ወደ ሶቪየት ኅብረት መሄድ አይቻልም ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሕፃናቱን እያዩ መኖር ይገባቸዋል ይላሉ። ሰው ያን ጊዜ ሊያስበው የሚገባውን ሁሉ አስበው፣ በጨዋ ቃል፣ መሪው ፊት ተናገሩ። ጆንስ ይመልስላቸዋል። ዝም ያሰኛቸው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያቸው የነበረው ሕዝብ ነው። ይጮሁባቸዋል፣ «ፈራሽ» ይሏቸዋል፣ ለመሪው ያለባቸውን ውለታ ያስታውሷቸዋል። ከዚያ ጭብጨባ ይሰማል። ሞኝነትን የሚፈልግ ሰው ይህን ቴፕ ቢያዳምጥ የሚያገኘው አንድ አስተዋይ ሴትን ነው፤ ብቻቸውን የቀሩ። ሰለሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1950ዎቹ ባደረገው ዝነኛ ሙከራ፣ የመስመሮችን ርዝመት እንዲያነጻጽሩ የተጠየቁ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ አብረዋቸው የተቀመጡት ሰዎች ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንዴ ዓይናቸውን ክደው ከብዙኃኑ ጋር ተስማምተዋል። ሆኖም አንድ ሌላ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር፣ መስማማቱ እጅግ ይቀንስ ነበር። እዚያ የቀረበው የመስመር ርዝመት ነው፤ ዛቻም፣ ጠመንጃም፣ የተወሰደ ፓስፖርትም አልነበረም። ጆንስታውን ውስጥ ሁሉም ነበረ፤ ሚለርን የሚደግፍ ሁለተኛ ድምፅ ግን አልነበረም።

እዚያ ከሞቱት 909 ሰዎች ከ300 በላይ የሚሆኑት ልጆች ናቸው። መርዙ በመርፌ መሰል ቱቦ አፋቸው ውስጥ የተጨመቀ ሕፃናትን «ራሳቸውን ገደሉ» ማለት አይቻልም፤ ቢሆንም የዓለም ጋዜጦች ለአሥርት ዓመታት የጅምላ ራስን ማጥፋት እያሉ ጻፉት። ዩጋንዳም እንዲሁ ሆነ። በማርች 2000 ካኑንጉ ውስጥ የአሥርቱ ትእዛዛት ንቅናቄ ተከታዮች በጸሎት ቤት ውስጥ ሲቃጠሉ፣ የመጀመሪያው ወሬ ራሳቸውን አቃጠሉ የሚል ነበር። በኋላ በሮቹና መስኮቶቹ በሚስማር ተቸንክረው እንደነበር ታወቀ፤ መሪዎቹ ይጠቀሙባቸው ከነበሩ ቤቶች ሥርም ከዚያ በፊት የተገደሉ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቆፍረው ወጡ። የሞኝነት ትረካው ምን ያህል ወንጀልን እንደሚሸፍን ከዚህ ይታያል። ሟቹ ሞኝ ከሆነ ገዳይ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ከሁሉ የሚከብደው ከምሁራን ወገን የሚነሣው ነው። እንዲህ ይላል፦ «አእምሮ ማጠብ» የሚባለው ነገር ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፤ አንተም ሞኝነትን አውጥተህ በምትኩ አስማት እያስገባህ ነው። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። በ1987 የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በዚህ ርዕስ የቀረበለትን ሪፖርት ሳይንሳዊ ጥንካሬ ይጎድለዋል ብሎ ሳይቀበለው ቀርቷል። እንግሊዛዊቷ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ አይሊን ባርከር ስለ ኮሪያዊው የሃይማኖት መሪ ሰን ምዩንግ ሙን ተከታዮች ባሳተመችው የ1984 ጥናት፣ ለንደን አካባቢ ወደ ቡድኑ የመግቢያ ሥልጠና ከሄዱት ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች መካከል 90 በመቶ ያህሉ አባል ሳይሆኑ እንደቀሩ፣ ከገቡትም ብዙዎቹ በሁለት ዓመት ውስጥ እንደወጡ አሳይታለች። ሊቋቋሙት የማይቻል አስማት የለም ማለት ነው። ይህን እቀበላለሁ። ግን ይኸው ማስረጃ ሞኝ ፈላጊዎችንም አያተርፍም። ባርከር እንዳየችው የቀሩት ደካሞችና ጅሎች አልነበሩም፤ እንዲያውም በጣም የተቸገሩትና የተናወጡት ብዙም አይቆዩም ነበር። የሚቆየው ሰው ለቡድኑ የሚሰጠው ነገር ያለው ነው፦ ጉልበት፣ ሙያ፣ ቅንነት፣ ገንዘብ። እንግዲህ አንድ ሰው አስማትም ሞኝነትም ሳይኖር ሊያዝ ይችላል። አብዛኛው ሰው እምቢ ይላል፤ ጥቂቱ፣ ጥያቄው ከሕይወቱ ሰዓት ጋር የገጠመለት፣ ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ መውጫው አንድ በአንድ ይደፈንበታል። ሐዘን የደረሰበት፣ ከፍቅረኛው የተለያየ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ አዲስ ተማሪ፣ አገር የለወጠ ሰው፤ ከመካከላችን በዚህ ውስጥ ያላለፈ ማን አለ?

እኛ ኢትዮጵያውያን ለዚህ ነገር እንግዳ ነን ብለን ማሰባችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮበርት ጄይ ሊፍተን በ1961 ያሳተመው መጽሐፍ የተነሣው ከቻይና እስር ቤቶችና የማነጫ ትምህርት ቤቶች ከወጡ 40 ሰዎች ጋር ካደረገው ቃለ ምልልስ ነው። ከለያቸው ምልክቶች አንዱ ማለቂያ የሌለው የአደባባይ ኑዛዜ ነው፤ ሰው ያሰበውን ሁሉ ለቡድኑ እንዲያወጣ፣ የራሱ የሆነ የልብ ጓዳ እንዳይቀረው የሚያደርግ። ይህን የሚያነብ የእኛ አገር አንባቢ ሂስና ግለ ሂስን ሳያስታውስ አይቀርም። በ1960ዎቹና 70ዎቹ የአገሪቱ ምርጥ ተማሪዎች፣ በጥናት ክበብና በኅዋስ ተደራጅተው፣ ጓደኛ በጓደኛው ፊት ንዑስ ከበርቴያዊ አስተሳሰቡን ይናዘዝ ነበር። በኋላም ግምገማ በሚል ስም ከመሥሪያ ቤት እስከ ቀበሌ ወረደ። እነዚያ ድርጅቶች ሁሉ እንደ ጆንስ ቤተ መቅደስ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ የታገሉለት ነገር ለብዙዎች እውነተኛ ነበር። መሣሪያው ግን አንድ ነው፣ በእጁ የወደቁትም የዚያ ዘመን ቀለም ቀንዶች ናቸው። ያንን ትውልድ ሞኝ ብሎ የሚጠራ ሰው ብዙ አልሰማሁም። ለፖለቲካው የሰጠነውን ማስተዋል ለሃይማኖቱ፣ ወይም ሰው አምጣና ትከብራለህ ለሚለው የሰንሰለት ንግድ ተጠቂ ለምን እንነፍገዋለን?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከአማኞች ይመጣል፣ እኔም በአክብሮት የምመልሰው ነው። መታዘዝ፣ መጾም፣ መናዘዝ፣ ዓለምን መናቅ በአንተ ዓይን ወንጀል ከሆነ ገዳሞቻችንን ምን ልትላቸው ነው? ጥያቄው የሞኝነቱን ፍርድ ለመተው ተጨማሪ ምክንያት ይሰጠኛል። ሞኝነትን የሚፈልግ ሰው የሚያየው እምነቱን ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም አጥባቂ በአንድ ሙቀጫ ይወቅጣል። የሚታየው የአያያዙ ነገር ከሆነ ግን ልዩነቱ ይወጣል። መናኝ አመክሮ አለው፤ ሥርዓቱን ከመግባቱ በፊት ያውቀዋል፣ ሥርዓቱም አበምኔቱን ራሱን ይገዛዋል። የነፍስ አባት የሰማውን ምስጢር ይዞ ይቀበራል፤ የጆንስ ኑዛዜ ፋይል ውስጥ ገብቶ ማስፈራሪያ ይሆናል። ጾሙ በቀኖና የታወቀ ነው፣ ሕመምተኛና ሕፃን ይማራሉ፤ ሻካሆላ ውስጥ በዓቃቤ ሕግ አባባል ቅድሚያ እንዲራቡ የተመደቡት ሕፃናት ናቸው። መለኪያው የትምህርቱ ጥብቀት አይደለም። መሪውን የሚቆጣጠረው ማነው? ሒሳቡን ማን ያየዋል? «አይ» ያለ ሰው በማግስቱ ምን ይደርስበታል? የወጣ ሰው ከእናቱ ጋር ይነጋገራል? ደግሞ እነዚህን ጥያቄዎች ገዳምም ሆነ ጥንታዊ ቤተ እምነት ዘንድ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ጥንታዊነት ብቻውን ማንንም ንጹሕ አያደርግም። የሃይማኖት ነፃነትም ቢሆን የእኛው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 የሚጠብቀው እምነት መያዝን ብቻ አይደለም፤ በማስገደድ መገደብንም ይከለክላል። መውጣት የማይቻልበት እምነት ነፃነቱን ራሱ በልቶታል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን በቁጣ ይነገራል፦ ሰውን ከኃላፊነት ነፃ እያወጣህ ነው። አይደለም። ሃያሺ ፍርድ ቤት ቀርቦ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል፤ ተገቢም ነው። ለሠራው መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እዚያ እንደደረሰ መረዳት ሌላ። የሃያሺ ጉዳይ ራሱ ይህን ያሳያል፤ ከተያዘ በኋላ፣ ከቡድኑ ርቆ፣ የሠራውን ሁሉ ተናዘዘ፣ ኑዛዜውም ለምርመራው ቁልፍ ሆነ። ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ውስጡ ነበር። የወጣው ከአሳሃራ ሲለይ ነው።

ወደ መዳኑ ጉዳይ ስንመጣ የሞኝነት ፍርድ ጉዳቱ ይበልጥ ይበዛል። በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቴድ ፓትሪክ የሚባል ሰው፣ በወላጆች ገንዘብ እየተከፈለው፣ ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆቻቸውን ከቡድኖች ጠልፎ፣ ክፍል ውስጥ ዘግቶ፣ እስኪክዱ ድረስ ይሟገታቸው ነበር። አንዳንዶቹ ወጡ። ሌሎቹ ግን ውጪ ያለው ዓለም ጠላትህ ነው የሚለው የመሪያቸው ትንቢት በዓይናቸው ተፈጸመ፤ ሲለቀቁ ወደ ቡድናቸው ሮጡ። ፓትሪክም ራሱ በወንጀል ተፈርዶበታል። ልጅን ቤት ቆልፎ፣ ገርፎ፣ ሽማግሌ ሰብስቦ በማሳፈር ለመመለስ መሞከር እኛም ዘንድ የተለመደ ነው፤ መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ይህ ሰው አእምሮ የለውም፣ ስለዚህ በእሱ ፋንታ እኛ እናስብለት። መሪውም የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚሠራው አድካሚና የማያስመሰግን ሥራ ነው፦ መሪውን ሳይሳደቡ መደወል፣ የልደትና የሠርግ ጥሪ አለመንፈግ፣ ባይመጣም ለቅሶ መንገር፣ «እንኳን ደህና መጣህ» ለማለት ምንም ቅድመ ሁኔታ እንደሌለ ማሳወቅ። ገንዘብ መስጠት ግን ሌላ ነው፤ የሚሰጠው ለቡድኑ ሊደርስ ስለሚችል የአውቶቡስ ትኬት ወይም የሕክምና ክፍያ ራሱ መክፈል ይሻላል። ሰው የሚወጣው በክርክር ተሸንፎ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣው አንድ ትንሽ ነገር፣ የልጁ ሕመም ወይም የመሪው ግልጽ ውሸት፣ ሲያናውጠው ነው። ያን ጊዜ መሄጃ ይፈልጋል።

ይህ መሄጃ ከአገር ውጪ ላለው ወገን ይበልጥ ይጠባል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት አዲስ የገባ፣ ወይም ቤሩት በሰው ቤት የምትሠራ፣ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው የሚያገኘው የጸሎት ማኅበር እድሩም፣ አስተርጓሚውም፣ ሥራ አፈላላጊውም፣ ሶፋ ላይ የሚያሳድረውም ነው። አብዛኞቹ ማኅበራት ይህን የሚያደርጉት በንጹሕ ልብ ነው፤ ለዚህም ሊመሰገኑ ይገባል። ከመካከላቸው አንዱ ጠቅልሎ መያዝ ሲጀምር ግን አባሉ የሚያጣው እምነቱን ብቻ አይደለም፤ መኝታውን፣ ሥራውን፣ በአማርኛ የሚያጫውተውን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ያጣል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ «ለምን አትወጪም?» ብሎ መፍረድ የመኝታውን ጥያቄ አይመልስም። ከወጣም በኋላ ነገሩ አያልቅም። ብዙዎች ለወራት እንቅልፍ ያጣሉ፣ እርግማን ይከተለናል ብለው ይፈራሉ፤ ለዓመታት የተወሰነላቸውን ነገር፣ ምን ልበላ ምን ልልበስ ጭምር፣ ራሳቸው መወሰን ይከብዳቸዋል። እዚያው የተወለዱ ልጆች ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረ፣ የሚመለሱበት ማንነት የላቸውም። እንዲህ ያለውን ሰው የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ያለው ተረት ያውቀዋል። ሐኪም ቤት ሄዶ የደረሰበትን የሚናገር ጥቂት ነው፤ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ያለፉትን አምስት ዓመታት የት ነበርክ ሲባል ይዋሻል። ሞኝ ከመባል ውሸታም መባል ይሻለዋላ።

በዚህ ኀፍረት የሚጠቀመው ማን እንደሆነ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1977 ኒው ዌስት የተባለው መጽሔት ስለ ጆንስ ድብደባና ዘረፋ የጻፈውን ያገኘው ከቡድኑ ከወጡ ሰዎች ነው፤ ስማቸውንና ፊታቸውን ሳይደብቁ የተናገሩ፤ ጆንስ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት አገር ጥሎ ወደ ጉያና ሄደ። የአሜሪካ ምክር ቤት አባሉን ሊዮ ራያንን ወደ ጆንስታውን የወሰዳቸው፣ ሕይወታቸውንም ያስከፈላቸው ጉዞ የተነሣውም ከቀድሞ አባላትና ከቤተሰቦች አቤቱታ ነው። ሻካሆላ ላይም ማኬንዚ በማርች 2023 ከሁለት ሕፃናት ሞት ጋር በተያያዘ ተይዞ በዋስ ተለቀቀ፤ ጫካው የተቆፈረው በሚቀጥለው ወር ነው። ውስጡ የነበረው ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ፦ መዝገቡ የት እንደሚቀመጥ፣ በሩን ማን እንደሚጠብቅ፣ ከሕፃናቱ የትኛው ሰሞኑን እንዳልታየ። ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ይህን ሊናገር የሚደፍር ሰው ሲመጣ፣ መዝገብ ያዡ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «አንተስ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» ከሆነ፣ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ሁለተኛ የሚመጣም የለም።